ጋሮማ የሠራው ጌም

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተረተው ሰው እንደ ጵርስቅላ ያለች ጓደኛ አልነበረችውም። ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ኡርጂ ክው አለች። ያን ሰሞን በር የሚያንኳኳ ሁሉ ያስደነግጣት ነበር። በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ የቆመችው ጵርስቅላ ናት፤ በፌስታል ብርቱካን ይዛ፣ ፀሐዩን በመዳፏ እየከለለች። ኡርጂ ደስ አላት። ደስታው ግን ሳይዘልቅ ፍርሃቱ ቀደመው።

የምትፈራበት ምክንያት ከቤታቸው በላይ፣ ተራራው ላይ ነው ያለው። ወንድሟ ጋሮማ ከባሕር ዛፉ ጫካ ጀርባ፣ አያታቸው ጎበና በክረምት ጥጃ ያስገቡበት በነበረ ዋሻ ውስጥ ተደብቋል። የቀራቸው መሬት ለኮንዶሚኒየም ሊወሰድ ነው ተብሎ መሪ በሚባለው ሰፈር ገበሬው የተሰበሰበ ዕለት፣ ሌላው በሆዱ የያዘውን ጋሮማ ተነሥቶ በአፉ ተናገረው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ያሉ ተናጋሪዎች ይለቀሙ ጀመር። ሊወስዱት የመጡ ጊዜ በጓሮ አጥር ዘለለ፤ ሲዘል እግሩ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እግሩ እንዳበጠ ነው፤ በዱላ ተደግፎ እንኳ ከዋሻው አፍ ርቆ አይሄድም። የት ሄደ ላለ ሁሉ «ጅማ፣ አጎቱ ጋ» ይባላል። እናታቸው ጋዲሴ ማለዳ ማዳበሪያ ጠቅልላ፣ ቅጠል ለቃሚ መስላ ሽቅብ ትወጣለች፤ በማዳበሪያው ውስጥ የልጇ ምሳ አለ። ከእናቲቱና ከኡርጂ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

የጵርስቅላ አባት ጋሽ ኃይሉ ደግሞ የቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ። ከአዋጁ ወዲህ ሥራቸው ምን እንደሆነ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም። የሰፈሩ ሰው ሲያያቸው ወሬውን ያቋርጣል፣ ሰላምታውን ግን ያስረዝማል። በቤታቸው ከእራት በፊት የቤተሰብ ጸሎት አለ። ከጸሎቱ አስቀድሞ ሁሉም በተራው ውሎውን ይናገራል፤ የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን እንዳየ። ጋሽ ኃይሉ ይህን «በብርሃን መመላለስ» ይሉታል። ድሮ ኡርጂን ያስቀናት ነበር። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ፣ በየማታው ውሎሽን ንገሪኝ የሚል አባት ያምራታል። አሁን ግን ያንን ጥያቄ ትፈራዋለች።

ምክንያቱም ጵርስቅላ ውሸት አትችልም። አንድ ጊዜ በመዘምራን ጾም ጸሎት ቀን ሁለቱ ተያይዘው ጓዳ ገብተው ብስኩት በሉ። ማንም አላያቸውም፣ ማንም አልጠረጠረም። ጵርስቅላ ግን በጸሎቱ መሀል ብድግ ብላ «እኔና ኡርጂ» ብላ ንስሐዋን ጀመረች። መዘምራኑ ሁሉ ዞሮ ኡርጂን አያት። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በኋላ በኋላ ግን ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሁለቱም በሳቅ ይሞታሉ። ኡርጂ ጓደኛዋን የምትወዳትም በዚሁ ነው፤ ከአፏ የሚወጣው በሆዷ ያለው ነበር።

«ምነው ጠፋሽ? ቸርች አትመጪ፣ ስልክ አትደውዪ» አለች ጵርስቅላ ገና እንደተቀመጠች። «እኔ ልሙትልሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር።»

«አሳይመንት ነዋ። ጨረሰን እኮ።»

«ጋሮማስ? ይደውላል?»

«ደህና ነው። ኔትወርክ እያስቸገረው ነው» አለችና ኡርጂ ቢላዋ ፍለጋ ተነሣች።

ያው ጥያቄ ተመልሶ እንዳይመጣ ሌላ ወሬ ያስፈልግ ነበር። ሌላ ወሬ ግን ከየት ይምጣ? ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ያሳያል። ስለ ቸርች ቢያወሩ ጋሽ ኃይሉ ይመጣሉ፣ ስለ ሰፈር ቢያወሩ ጋሮማ ይመጣል። ብርቱካኑን መላጥ ያዙ። ከተዋወቁ ጀምሮ ወሬ እንዲህ አጥሯቸው አያውቅም። ሲንከራተት የነበረው የጵርስቅላ ዐይን ጥግ ያለው የጋሮማ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አረፈ።

«ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ። አሳይመንቴን የምጽፈው በምን ሆነና።»

ጵርስቅላ ተነሥታ ከፈተችው። ኮምፒውተሩ አቃስቶ አቃስቶ ሲነሣ፣ ከፋይሎቹ መሀል የጥጃ ሥዕል ያለባት አንዲት ምልክት አየች።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?»

«ጋሮማ ኮተቤ ሲማር ለፕሮጀክት የሠራው ጌም ነው። አጭር ናት። ሥዕሉ ላይ የሚነካ ነገር ፈልገሽ ክሊክ እያደረግሽ መሄድ ነው። እኔ ታክሲው ጋ ስደርስ ሁሌ እዚያው እቀራለሁ።»

«እንጫወታታ!»

ኡርጂ አሰበች። የምታውቀው መጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የልጅ ቀልድ ነው። እምቢ ብትል «ለምን?» ይመጣል። «እሺ» አለችና ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። እንዲህ ነው ነገር የሚጀመረው፤ በእሺታ።

ጌሙ በአረንጓዴ ሜዳ ይጀምራል። በሜዳው መሀል አጥር የሌለው በር ብቻውን ቆሟል። ከበሩ አጠገብ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አሉ፤ ከባርኔጣው ሥር ግን ፊት የለም፣ ሰማይ ነው የሚታየው። ጵርስቅላ ስትነካቸው ጽሑፍ ወጣ፤ «ጥጃዬ ጠፋች። ካገኘሻት ስሟን እንዳትጠሪ። ከጠራሽ ሰሚ አለ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ያስፈራል!» አለች ጵርስቅላ እየሳቀች።

ኡርጂም ሳቀች። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ አንብባ ስቃበታለች። ዛሬ ግን «ሰሚ አለ» የምትለው ነገር ጀርባዋን በረዳት።

ጵርስቅላ እንዲህ ላለው ነገር አእምሮዋ ስል ነው። በሩን ከፍታ ስትገባ የጤፍ ማሳ መጣ፤ በማሳው መሀል ኮንዶሚኒየም በቅሏል። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ላም ቆማ የሰው መጋረጃ ታኝካለች። ደረጃውን ሽቅብ በወጡ ቁጥር የሚደርሱት ምድር ቤት ነው። ጵርስቅላ ትንሽ አሰበችና ቁልቁል ወረደች፤ ላሟ ጋ ደረሰች። ላሟን ስትነካት ከአፏ መጋረጃው ወደቀ፤ መጋረጃው መሬት ሲነካ አስፋልት ሆኖ ተዘረጋ። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። «ወንድምሽ ግን ጤነኛ ነው?» ትላለች ጵርስቅላ፤ ኡርጂ ትከሻዋን ትመታታለች። ለጥቂት ጊዜ አዋጁም፣ ተራራውም፣ ጋሽ ኃይሉም ተረሱ። ኡርጂ ይህን ሳቅ ምን ያህል እንደናፈቀችው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

አስፋልቱ ላይ ታክሲ መጣ። ጎማ የለውም፤ በአህያ እግር ነው የሚሄደው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቆሟል። ጵርስቅላ ስትነካው ስፒከሩ ኮሽ አለና የጋሮማ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው የቀረው! ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት!»

ኡርጂ ደነዘዘች። የረዳቱን ንግግር በራሱ ድምፅ እንደቀዳ ረስታው ነበር። ይህን ያህል ቀን ያልሰማችው ያ ጎርናና፣ ሳቅ የሚያፍነው ድምፅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በተከፈተ መስኮት። ስፒከሩን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ ከጓሮ ባልዲ ሲገለበጥ ተሰማ። ልብስ ታጥብ የነበረችው እናቷ፣ እጇ አረፋ በአረፋ እንደሆነ፣ በሩጫ በሩ ላይ ደረሰች።

«ጋሮማ! ኢልመ ኮ! ልጄ! ማን ውረድ አለህ?»

ረዳቱ አሁንም ከስፒከሩ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ጋዲሴ ልጇን አጣች፤ ያገኘችው የጋሽ ኃይሉን ልጅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፈገግ ለማለት ታገለች።

«ውይ፣ ጵርሲ! መቼ መጣሽ፣ የኔ ልጅ? ድምፁን ስሰማ... ከጅማ የመጣ መስሎኝ እኮ።»

ጵርስቅላ ተነሥታ የጋዲሴን ጉንጭ ሳመች። «ደህና ነዎት፣ እማማ? ጌም ነው። አስደነገጥንዎት፣ ይቅርታ።»

«ተጫወቱ፣ ተጫወቱ» አለችና ጋዲሴ ወደ ጓሮ ተመለሰች።

ኡርጂ የጓደኛዋን ፊት ሰረቅ አድርጋ ተመለከተች። ሰማች? ገባት? ጵርስቅላ ግን ዐይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ከታክሲው ጋር ትታገላለች። ረዳቱ ለመሳፈሪያ «ከአንቺ የማይለይሽን ስጪኝ» ይላል። ኡርጂ ሁሌ የምትቀረው እዚህ ነው። ጵርስቅላ ጫማውን ነካች፣ ቦርሳውን ነካች፤ ከዚያ «ቆይ ቆይ ቆይ» አለችና መሬት ላይ የተኛውን ጥላ ነካች። ረዳቱ ጥላውን እንደ ጨርቅ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በሩ ተከፈተ።

«አየሽ? ጥላዬን ነው የፈለገው!»

«ዋው» አለች ኡርጂ። ደስ ግን አላላትም። ከዚህ ወዲያ ያለውን አታውቀውም።

ታክሲው ሽቅብ ወጣ። ስክሪኑ ጨለም ብሎ ሲከፈት የባሕር ዛፍ ጫካ ሆነ። ዛፎቹ ሁሉ ግንዳቸው ላይ እጀታ ያለው በር አላቸው። ወንዟ ወደ ላይ ትፈሳለች። ይህ ሁሉ የጋሮማ ጨዋታ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ሥዕል አልነበረም፤ ፎቶ ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ የቆመ ድንጋይ። በአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ዛፎች። ከድንጋዩ ጀርባ የአጋም ቁጥቋጦ። ኡርጂ የእናቷን ማዳበሪያ ተሸክማ ያን ድንጋይ በግራ ያለፈችው ትናንት ነው። ከአጋሙ ወዲያ ዋሻው ነው።

አይ ጋሮማ! የጌሙን ጥጃ የት ይደብቃት፣ አያቱ ጥጃ ያስገቡበት ከነበረው ዋሻ በቀር! ያኔ ራሱም እዚያው ገብቶ እንደሚደበቅ በምን ይወቅ።

«እንዴ!» ጵርስቅላ ጮኸች። «ይሄን ድንጋይ አውቀዋለሁ እኮ! ከወጣቶች ጋር ለጸሎት ተራራ የወጣን ጊዜ ያረፍነው እዚህ ጋ ነው። አባዬ ፎቶ አንስቶናል! ከዚህ በላይ መንገድ አለው እንዴ?»

«እኔ እንጃ። የለውም መሰለኝ። ይብቃን፣ ዐይኔን አመመኝ።»

«ኧረ በናትሽ፣ አሁን ልንጨርሳት ነው።»

ማውዟ የሚነካ ነገር ስታገኝ ቀስቱ ወደ እጅ ይለወጣል። ቀስቱ በዛፎቹ ላይ ሄደ፤ አልተለወጠም። በድንጋዩ ላይ ሄደ፤ አልተለወጠም። ኡርጂ መብራት እንዲጠፋ ጸለየች። በማይፈለግበት ቀን ሳይነግር ድርግም የሚል መብራት ዛሬ በሠርግ ቤት እንዳለ ፏ ብሏል። ቀስቱ ወደ አጋሙ ዞረ። ነጭ እጅ ሆነ። ጵርስቅላ ነካችው።

ቁጥቋጦው እንደ መጋረጃ ገለል አለ። ጥቁር የዋሻ አፍ ታየ፤ በጨለማው ውስጥ ሁለት ዐይኖች አበሩ፤ ከሥር ጽሑፍ ይወጣ ጀመር፤ «እዚህ ነኝ። ስሜን...»

ኡርጂ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

ስክሪኑ ጠፋ። ጵርስቅላ በማውዙ ላይ እጇን እንዳሳረፈች ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ኡርጂ እጅ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አየች። ከዚያ የኡርጂን ፊት አየች። ምንም ባትናገር ኖሮ፣ እንደ ሌላ ጊዜ ብትሳደብ ወይም ብትስቅ ኖሮ፣ ኡርጂም አንድ ነገር ቀባጥራ ታልፈው ነበር። ጵርስቅላ ግን ዝም አለች። ያ ዝምታ እየገባት እንደሆነ ያስታውቃል፤ የእናትየው ሩጫ፣ «ማን ውረድ አለህ» የሚለው፣ ድንጋዩ፣ ገመዱ። ኡርጂ ራሷን ረገመች። ጌሙ ምንም አላለም ነበር፤ የተናገረችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ።

«ኮምፒውተሩ... ይግላል» አለች በመጨረሻ።

«አትንገሪኝ» አለች ጵርስቅላ በሹክሹክታ። «ምንም አትንገሪኝ።» ፊቷ አመድ መስሏል። «ኡርጂ፣ ዛሬ ወደዚህ ሂጂ ያለኝ አባዬ ነው። ‹ጓደኛሽ ጠፍታለች፣ ሄደሽ ጠይቂያት፣ ቤተሰቡንም እይ› አለኝ። ብርቱካኑንም የገዛው እሱ ነው። እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። በአንቺ ሞት፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«ማታ ይጠይቅሻል።»

«ይጠይቀኛል።»

ማታ እስኪሆንም አልተጠበቀም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የጵርስቅላ ስልክ ጮኸ። «አባዬ» ይላል። ሁለቱም እባብ እንዳየ ሰው አፈገፈጉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ጵርስቅላ ትንፋሽ ወሰደችና አነሣችው።

«አቤት፣ አባዬ... እነ ኡርጂ ቤት ነኝ... አዎ፣ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል... ጋሮማ? ጅማ ነው... ኧረ እርግጠኛ ነኝ። ትናንት ደውሎ ከእናቱ ጋር ሲያወሩ ነበር። ወባ ይዞት ሰንብቶ ገና አሁን ነው የተሻለው። አጎቱ ሱቅ እየሠራ ነው አሉ። እናትየው ‹ልጄ ከሳብኝ› ብለው ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉት... እሺ። መጣሁ። እኔም እወድሃለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። ኡርጂ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዳነ፣ ጋሮማ ዳነ! ለእሷ ስትል፣ ለወንድሟ ስትል፣ ብስኩት እንኳ መደበቅ ያልቻለች ልጅ የገዛ አባቷን ዋሸች። ኡርጂ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም አለች በልቧ።

«ማታስ? ጸሎት ላይ?»

«ማታም ይህንኑ ነው የምለው። ጌታ ይቅር ይበለኝ።» ጵርስቅላ ዐይኗን ጠረገች። የኡርጂን እጅ ያዘች፤ ዐይን ዐይኗን እያየች «አይዞሽ። ከእኔ አይወጣም» አለቻት።

ኡርጂን ፍርሃቱ የያዛት ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁን የፈራችው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ድምፁ ያው ነው። ለአባቷ «ጅማ ነው» ያለችበት ለስላሳ፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ አሁን «ከእኔ አይወጣም» ይላል። ወባው ከየት መጣ? ሱቁ ከየት መጣ? የእናቷ እንባስ? ማንም አልነገራትም፤ ከልቧ አፍልቃ፣ ቃል ሳታጣ፣ ሳትደናቀፍ ነው የዘረዘረችው። ኡርጂ ይህችን ልጅ ስታምናት የኖረችው መዋሸት አትችልም ብላ ነበር። ትችላለች። አሳምራ ትችላለች። ታዲያ አሁን የዋሸችው ለማን ነው? ለአባቷ ወይስ ለእሷ?

እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ ስለ መዘምራን ዩኒፎርም አወሩ። ሊለያዩ ሲሉ ጵርስቅላ ቆመች።

«ኡርጂ፣ አምነሽኛል አይደል?»

«እንዴ! አንቺን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ?»

ቀላል ነበር። ምራቅ እንኳ አላስዋጣትም። ጵርስቅላ ፊቷ በራ፤ ሳመቻትና ወደ ታች ወረደች። ኡርጂ ከዐይኗ እስክትሰወር እጇን አውለበለበች፤ ከዚያ ዞራ ሮጠች።

«እማዬ፣ ጋቢ አምጪ። ጀንበር ሳትጠልቅ እንድረስ።»

«ልጅቷ ልትናገር ነው?»

«አልናገርም ብላለች።»

«እንግዲያ ምን ያስሮጠናል? በዚያ እግሩ የት ልናደርሰው ነው?»

«አላውቅም። ብቻ ከዚያ ይውጣ።»

ሲደርሱ ጋሮማ በድንጋዩ ጥግ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሁለቱን አብረው ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ኡርጂ እያለከለከች ነገረችው፤ ጌሙን፣ ገመዱን፣ ስልኩን። እሱ ጆሮውን ጥሎ ሰማና ትከሻው ወረደ፤ እፎይ አለ።

«ጵርሲ ናት? በይ ተቀመጪ፣ በከንቱ ደከማችሁ። ጵርሲ አልናገርም ካለች አለች ነው። ዋሽታ አታውቅም እኮ!»

«ዛሬ ዋሸች» አለች ኡርጂ። «ለአንተ ስትል ዋሸች። እንዴት እንደምትዋሽ ብታያት...»

ጋሮማ አያት። አንድ ክንዱን በእናቱ፣ ሌላውን በእህቱ ትከሻ ላይ ጣለ። ያበጠው እግሩ መሬት ሲነካ ጩኸቱ እንዳይሰማ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ፤ እነሱም አነሡት።